ወገኑ ማነው?

«ወገን የለውም» አለ አንደኛው። «ወገን ከሌለው የደም ካሣውን ከማን ጋር ይነጋገራሉ? በቆዳው ይከፍላል እንጂ» ብሎ ሁለተኛው ሳቀና ሻዩን ፉት አለ። ሁለቱ ሰዎች የተቀመጡት ከእናትአለም የሽንኩርት መደብ ጀርባ፣ በሸራ የተጋረደች ሻይ ቤት ውስጥ ነበር። የሚያወሩት በሶማልኛ ነው። ከሸራው ወዲህ ያለችው ሀበሻ ትሰማናለች ብለው አላሰቡም። እናትአለም ግን ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቃሪያ ስትመዝን ነው ያረጀችው፤ በሶማልኛ ትከራከራለች፣ በሶማልኛ ትሳደባለች፣ ሲብስባትም በሶማልኛ ታስታርቃለች። ጆሮዋን ጣል አደረገች። ጠዋት አንድ ባጃጅ ከድልድዩ ቁልቁል ሲወርድ አንዲት ትንሽ ልጅ ገጨ ይላሉ። ልጅቷ ሳብሪን ትባላለች። አባቷ ሀርሺን ገጠር ከከብቶቹ ጋር ነው፤ ሰፈር ውስጥ ያለው አጎቷ ጃማ ነው፤ ጃማ ደግሞ ሰው የሚፈራው ሰው ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ሹፌሩን ጎትተው አውርደው በድንጋይ ሲቀጠቅጡት፣ ደሙን እያዘራ ከእጃቸው አምልጧል። ጃማ እሱን ሳላገኝ አላድርም ብሏል። የየትኛው ወገን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሀበሻ ነው ተባለ፤ ረጅም ቀይ ልጅ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ባጃጁ መስታወት ላይ የማርያም ሥዕል የለጠፈ። እናትአለም የያዘችው ሽንኩርት ከእጇ ወደቀ። ያንን ሥዕል የለጠፈችው ራሷ ናት። ልጇ ራጉኤል በዚህ ከተማ ይሄን ይዤ አልዞርም ብሎ ተጨቃጭቋት፣ እሷ ናት እንቢ ያለችው።

ከጎኗ የግመል ወተት የምትሸጠው ዐዎ ናት። ዐዎ ቁመቷም ድምጿም ትልቅ ነው። ማለዳ ማለዳ ወንድሟ ዐብዲፈታህ ወተቱን ከቱሊ ጉሌድ በፒክአፕ ያመጣላታል፣ እሷ እስኪያልቅ ትቀመጣለች። ገበያው ውስጥ ሁለት ሰው ሲያያዝ ፖሊስ ከመጠራቱ በፊት ዐዎ ነች የምትጠራው። ምጥ የያዛትም፣ ባሏ የደበደባትም፣ ኪሱን የተሰረቀም እሷ ጋ ነው የሚመጣው። ሽማግሌ አትባልም፤ በእነሱ ወግ ሴት ሽማግሌ ሆና ከዛፍ ሥር አትቀመጥም። ግን ወጣቱ ሁሉ «ኤዶ» ይላታል፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ስትቆጣም ዓይኑን ይሰብራል። እናትአለም የሰማችውን በጆሮዋ ስትነግራት ዐዎ የጀሪካኖቿን ክዳን አጠበቀች፣ ለጎረቤቷ አደራ አለች፣ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበችና «ተነሺ» አለቻት። ሳይርቁ ስልክ ተደወለ። ባለ ሱቁ ረዲ ነው። «እትዬ እናትአለም፣ ያ ዕቃሽ እኔ ጋ ነው። ቶሎ አንሺልኝ» ብሎ ዘጋው። ሌላ ቃል አልጨመረም። በዚህ ከተማ እንደዚያ ዓይነት ስልክ የደረሰው ሰው ዕቃው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አያጠፋም።

በድልድዩ በኩል ሲያልፉ ባጃጁን አገኙት። በጎኑ ተጋድሟል። ወጣቶች በብረት እየቀጠቀጡት ነው፤ አንዱ ሲደክመው ብረቱን ለሌላው ያቀብላል፣ ሥራ እንደተቀበለ ሰው። ቤንዚኑ ፈሶ አስፋልቱን አጥቁሮታል። አንደኛው ክብሪት ጫረ፣ ንፋስ አጠፋበት፤ ደግሞ ጫረ። እሳቱ ተነስቶ ጣሪያውን ሲበላ ሁሉም በአንድነት አጨበጨቡ። ዐዎ የእናትአለምን ክንድ ይዛ ጎተተቻት። «አትመልከቺ» አለቻት። «ብረት ነው የሚቃጠለው።» ከወዲያ፣ ከስብሰባ አዳራሹ በኩል፣ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። የዚያን ቀን የከተማው ባለውለታዎች የሚመሰገኑበት ቀን ነበር። በድርቁ ጊዜ ውሃ በቦቴ ያደለውን ነጋዴ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ያሠራውን፣ በየሰፈሩ ወጣት አደራጀ የተባለውን፣ ስማቸውን እየጠሩ ካባ ያለብሷቸዋል። ደግ ያደረገ ሰው ቢመሰገን ማንም አይጠላም። ችግሩ የከተማው ፖሊስ በሙሉ እንግዶቹን ሊጠብቅ እዚያ መሄዱ ነው። ረዲ ጣቢያ ደውሎ ነበር፤ ያነሳው አንድ ተረኛ ብቻዬን ነኝ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ እናያለን አለው።

ረዲ የሱቁን በር ግማሹን ዘግቶ፣ ሂሳብ የሚያደርግ መስሎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። የስልጤ ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ በሐምሌ 2010 ግን ደገኛ ነህ ብለው ሱቁን ዘርፈው አቃጥለውበት ከዜሮ ጀምሯል። ያኔ መስኪድ ገብቶ ያተረፈው ነፍሱን ብቻ ነበር። በጓዳው በር አስገባቸው። ራጉኤል በስኳር ጆንያና በፓስታ ካርቶን መሃል ተጋድሟል። አንድ ጆሮው ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም። የረዲ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ጥቁርነት ተለውጧል። እናቱን ሲያይ መጀመሪያ ያለው «ሞታለች?» ነው። ማን ያውቃል። ሆስፒታል ተወስዳለች ያለ አለ፣ መንገድ ላይ አልፋለች ያለም አለ። «ላነሳት ወረድኩ» አለ ራጉኤል፣ ቃሉ በጥርሶቹ ክፍተት እየሾለከ። «ብሮጥ ኖሮ አይደርሱብኝም ነበር፣ እማ። ላነሳት ስወርድ ነው የያዙኝ።» ረዲ ከበሩ ሆኖ፣ ሱቅ ለሱቅ እየፈተሹ እየመጡ መሆናቸውን፣ ልጁ ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ እዚህ መቆየት እንደማይችል ነገራቸው። ክፋት አልነበረበትም። ሚስቱ ፈትያ ነፍሰ ጡር ናት፣ ላይኛው ክፍል ናት፣ ሳል እንኳ አታሰማም።

ዐዎ ልጁን ጎንበስ ብላ አየችው። ጉንጩን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችና ቀና አለች። ጃማ ከማንም ቃል አይቀበልም፣ ከአዴር ዐብዲናስር ግን ይቀበላል አለች። አዴር አጎቴ እንደማለት ነው፤ ዐብዲናስር የጃማንም የዐዎንም ወገን ደም ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አሁን አዳራሹ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «አመጣቸዋለሁ። እስክመለስ ከዚህ እንዳትነቃነቂ» አለቻት። «ሰምተሽኛል? አንቺ ሰው ሲልሽ አትሰሚም።» እናትአለም ሰምቻለሁ አለች። ዐዎ ወጣች።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። የጓዳው አየር ስኳር ስኳር፣ ደም ደም ይሸታል። እናትአለም ፎጣውን ፈትታ አጥባ መልሳ አሰረችው። ራጉኤል አልጮኸም፤ ጆንያውን በጥፍሩ ያዘ እንጂ። በ2010 ነገሩ ሲበርድ ልጁ እንሂድ ብሏት ነበር፣ ሐዋሳም ይሁን አዳማ፣ ሰው ሆነን የምንኖርበት እንሂድ። እሷ ነች አልሄድም ያለችው። አባቱን የቀበርኩበትን አገር ለማን ትቼ ነው፣ መደቤን ለማን ትቼ ነው አለችው። ይሄን አሁን ሊያነሳባት ይችል ነበር። አላነሳም። አለማንሳቱ ባሰባት። ከላይ የፈትያ እግር ወለሉን ሲረግጥ ይሰማል፣ ውጭ ሰዎች ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ቆርቆሮ ይመታሉ፣ ደግሞ ጸጥ ይላል። ጩኸቱ እየቀረበ ነው። ዐዎ አልመጣችም።

እናትአለም የተወለደችው ኩታበር ነው። በእሷ አገር ሰው ሰው ሲበድል፣ ደም እንኳ ቢሆን፣ በዳዩ ወይ የበዳዩ ወገን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ከተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል። ድንጋዩን አውርድ እስኪሉት አያወርድም። ልጅ ሆና አይታለች፤ ሰው የገደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ፣ የሟች እናት አልቅሳ አልቅሳ በራሷ እጅ ድንጋዩን ከማጅራቱ ስታወርድ። ከዚያ በላይ የሚያቀዘቅዝ ነገር ዓለም ላይ እንደሌለ ነው የምታውቀው። የረዲን በር ደግፎ የሚይዝ ጥቁር ድንጋይ ነበር። አነሳችው። ነጠላዋን ማጅራቷ ላይ አጥፋ ድንጋዩን ጫነችው። ረዲ ከርጩማው ተነስቶ መንገዱን ዘጋባት። ተይ፣ እነሱ ይሄን አያውቁትም፣ የሰው አገር ወግ ሌላ ነው ብሎ ለመናት። «ይቅርታ በየትም አገር ይቅርታ ነው» አለችው። ሊይዛት ፈልጎ ነበር፣ ግን በር ላይ ታግሎ ሰው እንዲሰበሰብ አልፈለገም። ለቀቃት። በሩን ከኋላዋ ቆለፈው።

የጃማ ቤት ሩቅ አይደለም። መንገዱ አቧራ ነው፣ በግራ በቀኝ የቆርቆሮ አጥር። ድንጋዩን ሁለት እጇን ወደ ኋላ ልካ ይዛዋለች፤ ዓይኗ ከራሷ ጫማ በቀር አያይም። ሴቶች ከየበሩ እየወጡ ያዩዋታል። አንዷ «ይቺ ሴትዮ አበደች እንዴ?» ስትል ሰማች። ሌላዋ ልጆቿን ጎትታ አስገብታ በሩን ዘጋች። እናትአለም የበሩን ድምፅ ስትሰማ ልቧ ደስ አለው፤ ክብር መሰላት። ለይቅርታ የሚመጣን ሰው መንገድ እንደሚለቁለት ሁሉ ለእኔም ለቀቁልኝ ብላ አሰበች። በሩን የዘጋችው ሴት ግን ያየችው ሌላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ሲወረወር በዋለበት ሰፈር፣ ሌላ ትልቅ ድንጋይ የያዘች ሀበሻ ወደ ጃማ ቤት ስትሄድ ነው ያየችው።

የጃማ ደጅ ላይ ወጣቶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። የሳብሪን እናት ኢዲል ምንጣፍና ልብስ ልትወስድ ከሆስፒታል መጥታ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብላለች፤ ምንጣፉ ጭኗ ላይ ተጠቅልሎ አለ። እናትአለም ከፊቷ ስትደርስ ልትንበረከክ ፈለገች። ድንጋዩ ከበዳት። አንድ ጉልበቷን መሬት ስታስነካ ወደ ጎን አዘነበለ፣ እንዳይወድቅባት በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሳችው። ያ ነው የሆነው። ኢዲል ቀና ስትል ከራሷ በላይ ድንጋይ ያነሳች ሴት አየችና ጮኸች። ልትጨርሰን መጣች፣ ልጄን ገጭተው እኔን ሊገድሉኝ መጡ ብላ ጮኸች። ጃማ ከውስጥ ሮጦ ወጣ። ዱላው የእናትአለምን ክንድ ሲመታ የተሰበረው አጥንት ድምፅ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰማ። ድንጋዩ ከእግሯ አጠገብ ወደቀ። ይቅርታ ልል ነው የመጣሁት ለማለት አፏን ከፈተች፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠፋባት፤ ሁለተኛው ዱላ ጀርባዋ ላይ አረፈ፣ ሦስተኛው የማን እንደሆነ አላየችም። አቧራ ገባባት። አንዱ በጫማው ጎኗን መታት፣ አንዱ በነጠላዋ ጎተታት፣ ነጠላው ተቀደደ። ጭንቅላቷን በደህናው እጇ ሸፍና ተጠቀለለች። ከሁሉ የገረማት ማንም አለመጮሁ ነው። እየተነፈሱ ነው የሚመቷት፣ እንደ ሥራ።

ከዚያ ከባድ ነገር በላይዋ ወደቀ። ሰው ነው። ወተት ወተት፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። ዐዎ ናት። አዳራሹ በር ላይ የጥሪ ወረቀት ከሌለሽ አትገቢም ብለዋት፣ ከፖሊስ ጋር ተጨቃጭቃ፣ ሽማግሌው ድምጿን ሰምተው እስኪወጡ ቆይታ ነው የመጣችው። ወደ ጃማ ቤት ሲመጡ የኢዲልን ጩኸት ሰማችና ሽማግሌውን ከኋላዋ ትታ ሮጠች። ጃማ በዚያች ቅጽበት ዱላውን ጥሎ ድንጋይ አንስቶ ነበር፤ እናትአለም ላይ የወረወረው ድንጋይ የዐዎን ግንባር አገኘው። ደሙ በቅንድቧ ላይ ወርዶ የእናትአለም አንገት ላይ ተንጠባጠበ፤ ሞቃት ነበር። ዐዎ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተነሳች። ከዚያ እጇን ወደ ራሷ ልካ ሻሿን ፈታችው፣ ሻርፗንም አወለቀችው፣ መሬት ላይ ጣለችውና በወንዶቹ መሃል ራሷን ገልጣ ቆመች።

ጸጉሯ ሽበት ነው፣ በሒና ጫፉ ቀልቷል። ከባሏና ከልጆቿ በቀር ያየው ወንድ የለም። ትልቅ ሴት በጠብ መሃል ራሷን ከገለጠች፣ ከዚያ በኋላ እጁን የሚሰነዝር ወንድ ዕድሜውን በሙሉ ስሙ ይጠፋል። ወጣቶቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። አንዱ ዱላውን ከጀርባው ደበቀ። ጃማ ብቻ መሬት መሬት እያየ ቀረ።

«ወገኑ ማነው ስትሉ ነበር ከጠዋት ጀምሮ» አለች ዐዎ። «ዐዎ ነኝ» አለችና የአባቷን ስም ጠራች፣ የአያቷን፣ የአያቷን አባት፣ ከዚያ በላይ ያሉትን፣ ልጅ ሆና አባቷ በዱላ እያስቆጠረ እንዳስተማራት፣ ሳትቸኩል፣ ደሙን ከዓይኗ እየጠረገች። ወጣቶቹ የማይወዱትን ነገር ሲያዳምጡ እንደሚሆኑት ቆመው አዳመጡ። ላይ ደርሳ ስትጨርስ ወደ ታች ተመለሰች። «ከእኔ ቀጥሎ ራጉኤል» አለች።

ጃማ ጥርሱን ነከሰ። «እሱ ሀበሻ ነው፣ ኤዶ። ያንቺ ወገን አይሆንም።»

«ግመል የገዛ ሰው የራሱን ምልክት በእሳት ያደርግባታል። ከዚያ በኋላ የማን ነበረች ብሎ የሚጠይቅ የለም» አለች ዐዎ። ግንባሯን ነካችና ጣቷን አሳየችው። «ምልክቴን አድርጌበታለሁ። አንተው ነህ ያደረግህልኝ።»

ይሄኔ ሽማግሌው ዐብዲናስር መኪናቸውን ከነሹፌሩ መንገድ ዳር ትተው ደረሱ፣ በትራቸውን እያንኳኩ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ከአዳራሹ ያለበሷቸው ካባ አሁንም ትከሻቸው ላይ ነው። መሬት ላይ ያለችውን አዩ፣ ዐዎን አዩ፣ ፊታቸውን አዞሩና ሻርፑን በበትራቸው ጫፍ አንስተው አቀበሏት። ለብሳ እስክትጨርስ አልተናገሩም። ከዚያ አጥሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ነገሩን በዝግታ አስቀመጡት። ጠዋት አንድ ጉዳይ ነበር፤ አንድ ልጅ ተገጭታለች። አሁን ጉዳዩ ሁለት ሆኗል። የጃማ እጅ የሌላ ወገን ሴት ደም አፍስሷል፣ ያውም ራሷን ጥላ ሌላ ሰው የሸፈነች ሴት ደም። ዐዎ ወንድሞች አሏት፤ ቱሊ ጉሌድ ያሉት ወንድሞቿ ይሄን ሲሰሙ ለሽማግሌ የሚቀመጡ ሰዎች እንዳልሆኑ ጃማም ያውቃል። ጃማ ያውቅ ነበር። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሲፈስና በቦታው ሌላ ነገር ሲገባ ሁሉም አየው።

እስካሁን አጥሩ ሥር የነበረችው ኢዲል ተነሳች። ምንጣፏን ደረቷ ላይ አቅፋለች። እናትአለምን ከላይ ሆና አየቻት፤ የተሰበረው ክንድ ከክርኑ በታች ወደማይታጠፍበት ተጣጥፏል። «ምን ፈልገሽ ነው በድንጋይ የመጣሽው?» አለቻት። እናትአለም ጥርሷን ነክሳ፣ በሶማልኛ፣ እንባዋ በአቧራው ላይ መንገድ እየሠራ፣ በአገራችን ይቅርታ የምንለው እንደዚህ ነው አለቻት። ድንጋዩን የምታወርጂልኝ አንቺ ነበርሽ አለቻት። ኢዲል ድንጋዩን አየችው። ከዚያ ወደ ጃማና ወደ ወጣቶቹ ዞረች። «ልጄ አልሞተችም» አለች። «ጭኗ ተሰብሯል፣ ሐኪሙ ይድናል ብሏል። ውኃ እየጠየቀችኝ ነው የመጣሁት። ማን ሞተች አላችሁ? እናንተ ናችሁ ሰው ልትገድሉ የነበራችሁ።»

ዐዎ ያችን ቃል ስትጠብቅ የቆየች ትመስላለች። ነገሩን እዚያው ጨረሰችው። የልጅቷን ሕክምና የራጉኤል ወገን ይችላል አለች፤ ወገኑ እኔ ነኝ። ጃማ ራሱ የልጁን እጅ ይዞ ከረዲ ሱቅ አውጥቶ በአዴር መኪና ሆስፒታል ያደርሰዋል፣ ከዚያ ሕግ የሚለውን ይበል። እኔ ደግሞ ወንድሞቼ ሲጠይቁኝ ወደቅሁ እላለሁ። ማንም ምንም አላየም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴት በወገን ስም አትዋዋልም፣ ይሄ ከወግ ውጭ ነው አሉ።

«እንግዲያው ወንድሞቼን ይጥሯቸው፣ አዴር» አለች ዐዎ። «እነሱ ይዋዋሉ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ጃማ የጣለውን ዱላ አንስቶ አጥሩ ላይ አስደገፈና ወደ ረዲ ሱቅ አመራ፣ ሽማግሌው ከኋላው። ወጣቶቹ ተበታተኑ፣ ሁለቱ ብቻ ቀርተው በእግራቸው አፈር እየገፉ ደሙን ሸፈኑት። እናትአለምን ኢዲል ደግፋ አስቀመጠቻት፣ ክንዷንም በሳብሪን ሻሽ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችላት። ዐዎ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ አጠገቧ ቁጭ ስትል፣ «ሌላ ጊዜ ይቅርታ የምትጠይቂ ከሆነ ስኳር ይዘሽ ሂጂ» አለቻት። «ድንጋይ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ? እናንተ ሰዎች ሠርግ ላይ ምን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት?» እናትአለም ልትስቅ ስትል ጎኗ ወጋት።

ራጉኤል ሲመጣ ጃማ ክንዱን ይዞት ነበር፣ በወጉ፣ እንደ ወንድም። ሰፈሩ ሁሉ ከየበሩ ቆሞ አየ። ጠዋት የቀጠቀጡት ወጣቶች መንገድ ለቀቁ። ልጁ በአንድ ዓይኑ እናቱን ፈልጎ አያት፣ ክንዷን አየ፣ የዐዎን ግንባር አየ፣ የሆነውን ሊጠይቅ ሲል ጃማ ገፋ አድርጎ መኪናው ውስጥ አስገባው። ሽማግሌው ከፊት ገቡ። ሞተሩ ሲነሳ ከታች በኩል አንድ ፒክአፕ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ መንገዱን ዘጋ። ከኋላው ጭነት ላይ ሦስት ወንዶች ቆመዋል። ከጋቢናው የወረደው ዐብዲፈታህ ነው፣ የዐዎ ታናሽ ወንድም። ባዶ ጀሪካኖቹን ሊወስድ ገበያ ሲደርስ እህትህ ተመታች ያለው ሰው አለ።

ቀጥታ ወደ ዐዎ ሄደና እጇን ከግንባሯ ላይ አነሳው። ቁስሉን አየ። «ማነው?» አለ።

«ወደቅሁ» አለች ዐዎ።

«ከልጅነትሽ ጀምሮ ከግመል ኋላ ስትሮጪ አልወደቅሽም።»

«አርጅቻለሁ።»

ዐብዲፈታህ ቀና ብሎ አንድ በአንድ አያቸው። ኢዲል ምንጣፏን ታስተካክላለች። ጃማ ከመኪናው በር አጠገብ ቆሟል፤ እጁ ባዶ ነው፣ ከዱላው ራቅ ብሏል፣ ላቡ ግን በአንገቱ ይወርዳል። ጭነቱ ላይ ካሉት አንዱ እግሩን ወደ ውጭ አንጠለጠለ። ዐብዲፈታህ ዓይኑ እናትአለም ላይ አረፈ፤ የተቀደደው ነጠላ፣ የታሰረው ክንድ፣ አንገቷ ላይ የደረቀው የሰው ደም። «አንቺ የሽንኩርቷ» አላት። ማለዳ ወተቱን ሲያራግፍ ነው የሚያውቃት፤ በሚዛን እንደማታጭበረብር፣ ከማንም ጋር ቢያጣላትም ያየችውን እንደማትደብቅ ያውቃል። «አንቺ አትዋሺም። ንገሪኝ። እህቴን ማን መታት?»

እናትአለም ጃማን አየችው። ክንዷ ይነድዳል። ልትናገረው ፈለገች፤ በዕድሜዋ እንደዚያ የፈለገችው ነገር የለም። መኪናው ውስጥ የራጉኤል የተጠመጠመ ራስ በመስታወቱ ይታያል። ዐዎ ወደ ሌላ በኩል ታያለች፤ አልለመነቻትም፣ ጥቅሻም አልሰጠቻትም።

«ወደቀች» አለች እናትአለም።

«ምን ላይ?»

«የእኔ ድንጋይ ላይ። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ዐብዲፈታህ ድንጋዩን አየው። ደም አልነካውም፤ ያ ከሩቅም ይታያል። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሳው። ጃማ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ኢዲል ምንጣፏን ፊቷ ላይ ያዘች። ዐብዲፈታህ ድንጋዩን እንደያዘ ትንሽ ቆመ፣ ክብደቱን እንደሚለካ ሰው። ከዚያ ወደ ፒክአፑ ተሸክሞት ሄደና ጭነቱ ላይ፣ በሰዎቹ እግር ሥር ጣለው። ብረቱ ጮኸ።

«ሌላ ሰው እንዳይወድቅበት» አለ። ጋቢናው ውስጥ ገባና መኪናውን ወደ ኋላ መልሶ መንገዱን ለቀቀላቸው።